ከጀልባ የሚታይ መስጊድ፦ ስለ ኦርታኮይ የተናገርኩት

ሰላም ለሁላችሁም። ባለፈው ቅዳሜ የተናገርኩትን ጽፈሽ ላኪልን ያላችሁኝ ስለበዛችሁ ይሄው፣ እንዳወራሁት ነው የጻፍኩት፣ ፕሮጀክተሩ መሀል ላይ ሲጠፋብን ዘልዬው የነበረውንም እዚህ አስገብቼዋለሁ። ዓመተ ምህረቱ በሙሉ በፈረንጅ ነው፣ ሰባት ስምንት እየቀነሳችሁ አንብቡት።

በፎቶው ልጀምር። ስሙን ባታውቁትም አይታችሁታል፣ ነጭ ትንሽዬ መስጊድ ውሃ ዳር ቆሞ፣ ሁለት ቀጫጭን ሚናራ፣ ከኋላው ደግሞ ግዙፍ ድልድይ ሰማዩን ሰንጥቆ ያልፋል። በአማርኛ የተተረጎሙት የቱርክ ድራማዎች ላይ ሁለት ፍቅረኞች ተጣልተው ብቻቸውን ሊያለቅሱ ሲሄዱ የሚቆሙበት ቦታ አለ አይደል፣ እሱ ነው በቃ። ኢስታንቡል ትራንዚት ያደረገ አበሻ ሁሉ ስልኩ ላይ አለው። እኔም አለኝ፣ ሁለት ዓመት ለትምህርት እዛ ስኖር መጀመሪያ ያነሳሁት ፎቶ እሱ ነው፣ እናቴ አይታው «ቤተ መንግስት ነው?» አለችኝ፣ ሳቅኩባት። ኋላ ላይ ነው እናቴ ግማሽ ልክ እንደነበረች የገባኝ፣ ዛሬ የማወራላችሁም እሱን ነው።

ቦታው ኦርታኮይ ይባላል፣ «የመሀል መንደር» እንደማለት ነው፣ በኢስታንቡል አውሮፓ ክፍል፣ አውሮፓንና እስያን የሚለየው ጠባብ ባህር፣ ቦስፎረስ ዳር ያለ ሰፈር ነው። መስጊዱን ሰዉ ኦርታኮይ መስጊድ ይለዋል እንጂ የወረቀት ስሙ ቡዩክ መጂዲዬ ነው፣ ትልቁ መጂዲዬ፣ ባሰራው በኦቶማኑ ሱልጣን በአብዱልመጂድ ስም። ትልቁ ሲባል ግን እንዳትሸወዱ፣ ትንሽ ነው። እዛው አካባቢ ኩቹክ መጂዲዬ፣ ትንሹ መጂዲዬ፣ የሚባል ሌላ ስላለ ነው ይሄ ትልቅ የተባለው፣ መስገጃ አዳራሹ በአንድ ጎኑ ወደ 12 ሜትር ነው። 12 ሜትር ምን ያህል ነው ብትሉኝ ይሄ አሁን የተቀመጥንበት አዳራሽ ከዛ ይረዝማል።

ሰፈሩን ካላወቅን መስጊዱ አይገባንም፣ ስለዚህ ትንሽ ልዙርበት። ኦርታኮይ የድሮ ሰፈር ነው፣ በኦቶማን ጊዜ ሙስሊሙም ግሪኩም አርመኑም አይሁዱም አንድ ላይ ይኖርበት ነበር፣ ዛሬም ከመስጊዱ የአምስት ደቂቃ እርምጃ ባልሞላ ውስጥ አያ ፎካስ የሚባል የግሪክ ቤተክርስቲያን እና ኤትዝ አሃይም የሚባል ምኩራብ አለ፣ የአርመን ካቶሊኮች ቤተክርስቲያንም አለ። ከእነሱ ሁሉ የሚቀድም ደግሞ ሲናን፣ ያ ታላቁ የኦቶማን አርኪቴክት፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የሰራው ሃማም፣ የህዝብ መታጠቢያ ቤት ማለት ነው፣ አሁንም ቆሟል፣ ሰዉ ኩምፒር ሊበላ ሲሯሯጥ አያየውም እንጂ። ኩምፒር የማታውቁ፣ ትልቅ የተጠበሰ ድንች ነው፣ ለሁለት ከፍለው በቅቤና በአይብ ያሹትና ላዩ ላይ በቆሎ፣ ወይራ፣ ቃርያ፣ ሰላጣ፣ ምናምን ይከምሩበታል፣ የኦርታኮይ ዝና ዛሬ ግማሹ እሱ ነው፣ ጾም ለሚጾም ሰው ደግሞ ፈተና ነው።

እዚህ ቦታ ላይ መስጊድ የነበረው ከአብዱልመጂድ በፊት ነው። በ1721 ማህሙድ አጋ የሚባል ሰው፣ የትልቁ ቪዚር፣ የሱልጣኑ ጠቅላይ ሚኒስትር እንደማለት ነው፣ የኢብራሂም ፓሻ አማች፣ አነስ ያለ መስጊድ አሰርቶ ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በ1730 ፓትሮና ሃሊል የሚባል ሰው ያስነሳው አመጽ መጣ፣ ቪዚሩ ተገደለ፣ ሱልጣኑ ከዙፋን ወረደ፣ የቪዚሩ ዘመዶች ያሰሩት ነገርም የህዝቡ ቁጣ አረፈበት፣ የኦርታኮይዋ መስጊድም አብራ ተጎዳች። ኋላ ሌላ ባለስልጣን እንደገና አሰራት። እና ይሄ ሁሉ የሚነግረን፣ አብዱልመጂድ ባዶ ሜዳ አግኝቶ አይደለም የሰራው፣ ሰፈሩ የራሱ የሆነ የለመደው መስጊድ ነበረው፣ እሱ መጥቶ የሰፈሩን መስጊድ የንጉስ መስጊድ አደረገው። ይሄን ያዙልኝ።

አብዱልመጂድ ማነው? በ1823 ተወለደ፣ በ1839 አባቱ ሲሞት በ16 ዓመቱ ነገሰ፣ በ1861 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፣ 38 ዓመቱ ነበር። በነገሰ በጥቂት ወራት ውስጥ ታንዚማት የሚባለው የለውጥ ዘመን ታወጀ፣ ህግ፣ ግብር፣ ወታደር፣ ትምህርት ሁሉ ሊስተካከል ነው ተባለ፣ ዜጋ ሁሉ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን ምን ህይወቱና ንብረቱ ይጠበቃል ተባለ። ይሄ ልጅ ንጉስ ፈረንሳይኛ ያነባል፣ ሙዚቃ ይወዳል፣ ያባቶቹን የቶፕካፒ ግቢ ጥሎ ውሃ ዳር ዶልማባህቼ የሚባል አውሮፓ አውሮፓ የሚሸት ቤተ መንግስት አሰራ፣ 285 ክፍል ያለው፣ በ1856 ያለቀ። መስጊዱም በዚያው ሰሞን፣ በ1850ዎቹ አጋማሽ ላይ የተሰራ ነው።

እኛ ጋ በዚያን ጊዜ ምን እየሆነ ነበር? በ1855 መጀመሪያ ላይ ካሳ ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብሎ ዘውድ ጫነ። ያኔ ምጽዋ ላይ የሚውለበለበው ባንዲራ የማን ነበር? የዚሁ የአብዱልመጂድ። ኦቶማኖች ምጽዋን ከ1557 ጀምረው ነው የያዟት። እንግዲህ የኦርታኮይን ጉልላት ያስጫነው ሰውዬና ለቴዎድሮስ የባህሩን በር የዘጋበት ሰውዬ አንድ ናቸው ማለት ነው፣ እኔ ይሄን ሳስብ መስጊዱ ድንገት ቅርብ ይሆንብኛል።

እሺ ወደ ቤቱ እንመለስ። አብዛኞቻችን ኦርታኮይ የምንደርሰው በአውቶብስ ወይ በታክሲ ነው፣ ከአስፋልቱ ወርደን በጠባብ መንገድ፣ በጌጣጌጥ ሱቆች መሀል፣ ከዛ አደባባዩ ይከፈታል፣ መስጊዱን ጥግ ላይ እናገኘዋለን። ይሄ የሰፈሩ ሰው መንገድ ነው። ሱልጣኑ ግን በዚህ አይመጣም ነበር። የኦቶማን ሱልጣን በየጁምዓው ከቤተ መንግስቱ ወጥቶ በአደባባይ ለሶላት መሄድ ነበረበት፣ በፈረስ ወይ በካይክ፣ ካይክ ማለት ረጅም ባለ ብዙ ቀዛፊ ጀልባ ነው፣ ወታደር ይሰለፋል፣ ሙዚቃ ይመታል፣ መርከቦች መድፍ ይተኩሳሉ፣ ህዝቡ ንጉሱ በህይወት መኖሩን በአይኑ ያያል፣ አቤቱታ ያለውም ወረቀቱን ይዞ ይጠብቃል። አቤት ባይ መንገድ ዳር ቆሞ «ጃንሆይ!» የሚልበትን ዘመን ለሚያውቅ ሰው ይሄ ማስረዳት አያስፈልገውም። ከዶልማባህቼ እስከ ኦርታኮይ በውሃ ቅርብ ነው። ስለዚህ ይሄ ህንጻ የተሳለው ከጀልባ ሆኖ ለሚያይ አይን ነው፣ ለንጉሱ አይን፣ በመርከብ ለሚያልፈው አምባሳደር አይን፣ እዛ ማዶ እስያ በኩል ለቆመ ሰው አይን። ለዚህ ነው ከባህር በኩል ያለው ግድግዳው ጀርባ የማይመስለው።

እናቴ ግማሽ ልክ ነበረች ያልኳችሁ እዚህ ጋ ነው። ህንጻው ሁለት ቤት ነው፣ ተጣብቀው አንድ የመሰሉ። አንደኛው መስገጃው ነው፣ ባለ ጉልላቱ፣ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ ማለት ነው፣ ያለው። ሁለተኛው በመግቢያው በኩል የተለጠፈው ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ነው፣ ሁንካር ካስሪ ይሉታል፣ የንጉሱ ማረፊያ። ይሄኛው ጉልላት የለው ሚናራ የለው፣ ብቻውን ብታዩት ቦስፎረስ ዳር ያለ የሀብታም ቪላ ነው የሚመስላችሁ፣ ተጠማዞ የሚወጣ ደረጃ፣ ትላልቅ መስኮት፣ ሳሎን። ንጉሱ ከጀልባው ወርዶ እዚህ ይገባል፣ ያርፋል፣ እንግዳ ሊቀበልም ይችላል፣ ከዛ ፎቅ ላይ ባለው የራሱ ቦታ ሆኖ ወደ መስገጃው እያየ ይሰግዳል። ከሰዉ ጋር ነው ግን ከሰዉ ጋር አይደለም። የድሮ የሱልጣን መስጊዶችም የንጉስ ቦታ ነበራቸው፣ ግን ጥግ ላይ የተደበቀ ነገር ነበር፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያ ጥግ እያበጠ እያበጠ መጥቶ ፊት ለፊቱን ሙሉ ወሰደው። ዶልማባህቼ መስጊድ ላይም ያው ነው፣ የአብዱልመጂድ እናት ቤዝሚአለም ጀምራው እሷ በ1853 ስትሞት እሱ ያስጨረሰው። ሁለቱንም ካያችሁ በኋላ የዚያ ዘመን መስጊድ ሁሉ መግቢያው ላይ ቪላ ለብሶ ይታያችኋል።

ሚናራውም ሁለት የሆነው ለዚሁ ነው። በኦቶማን ደንብ ከአንድ በላይ ሚናራ የሱልጣንና የሱልጣን ቤተሰብ መስጊድ ምልክት ነው፣ ተራ ባለሀብት ገንዘብ ስላለው ብቻ ሁለት አያቆምም። 12 ሜትር ክፍል ላይ ሁለት ሚናራ ማለት ለአንድ ጎጆ ሁለት ጉልላት እንደመግጠም ነው፣ ለአዛን አንዱ ይበቃ ነበር። እንደውም ሚናራዎቹ የቆሙት ቪላው ከመስገጃው ጋር በሚጣበቅበት አካባቢ ስለሆነ ከሩቅ ስታዩት የንጉሱን ቤት ከመስጊዱ ጋር የቸነከሩት ሁለት ሚስማሮች ይመስላሉ።

አሁን ወደ ውስጥ። እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ ነበር የገባሁት፣ በሩ ላይ ለቱሪስት የሚሰጡትን ሻርፕ የያዙት ሴትዮ ነጠላዬን አገላብጠው ጥለቱን አይተው «ጉዜል» አሉ፣ ቆንጆ ማለታቸው ነው፣ አሳለፉኝ። ጫማ አውልቄ ገባሁ። እና የመጀመሪያው ነገር ብርሃን ነው። እኔ ያደግኩት ክብ ቤተክርስቲያን ውስጥ ነው፣ ጨለም ያለ፣ መቅደሱ ከመጋረጃ ኋላ፣ ዕጣኑ ከላይ ተንሳፍፎ፣ ቅድስና ማለት ለእኔ መሸፈን ነው። እዚህ ግን ምንም የተሸፈነ ነገር የለም፣ ግድግዳ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል፣ ሁሉም መስኮት ነው፣ መስኮቱ ላይ ደግሞ ሌላ መስኮት፣ ከውጭ ባህሩ ላይ ያረፈው ፀሐይ ተመልሶ በመስኮቱ ይገባና ኮርኒሱ ላይ ይርመሰመሳል። ጀልባ ባለፈ ቁጥር ይንቀጠቀጣል። ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ ወደ ላይ ሳይ አንገቴ እስኪያመኝ ቆየሁ።

እንዴት ነው ግድግዳ ሳይኖር ጉልላት የሚቆመው? ይሄ ሙያዬ ስለሆነ ትንሽ ታገሱኝ። ጉልላት ክብደቱ ቁልቁል ብቻ አይደለም የሚሄደው፣ ወደ ጎንም ይገፋል። ክረምት ላይ ጭቃ ውስጥ እግሩን አንፈራጦ የቆመ ሰው አስቡ፣ የገዛ ክብደቱ እግሮቹን ወደ ውጭ ያንሸራትታቸዋል፣ ወይ የሚይዝለት ያስፈልጋል ወይ ይወድቃል። ሲናን በ1557 የተመረቀው ሱለይማኒዬ ላይ፣ ጉልላቱ ወደ 26 ሜትር ስፋት ያለው፣ ግፊቱን የያዘው ትላልቅ ግማሽ ጉልላቶችን ፊትና ኋላ ደግፎ፣ ከዛ ሌላ ትንንሽ እየደረበ ነው፣ ተራራ እንደሚወርድ ደረጃ። ኦርታኮይ ላይ አንድ ጉልላት ብቻ ነው ያለው፣ ደጋፊ የለውም። ጉልላቱ አራት ትላልቅ ቅስቶች ላይ ተቀምጧል፣ ቅስቶቹ ክብደቱን ወደ አራቱ ማዕዘን ያወርዱታል፣ ማዕዘኖቹ ወፍራም ናቸው፣ ጫፋቸው ላይ ደግሞ ትንንሽ ማማ አለ። ማማዎቹን ስታዩ ለጌጥ ይመስላችኋል። ግን ድንኳን ስንተክል ካስማው እንዳይነቀል ድንጋይ እንደምንጭንበት ማለት ነው፣ ማዕዘኑን ወደታች ተጭነው ወደ ውጭ እንዳይንሸራተት ያግዙታል። በቅስቶቹ ስር ያለው ግድግዳ እንግዲህ ከራሱ በቀር የሚሸከመው ነገር የለም፣ ስራ ፈት ነው፣ ስራ ፈት ግድግዳ ደግሞ መቅደድ ይቻላል። ቀደዱት። መስኮት አደረጉት።

ከውጭ ደግሞ እያንዳንዱን ጎን ለሦስት ከፍለው በድንጋይ አምዶች ለይተውታል፣ አምዶቹ ከግድግዳው ግማሽ ወጥተው ግማሽ ተጣብቀው፣ በመሀላቸው ሁለት ረድፍ መስኮት፣ የቀረችውን ትንሽ ባዶ ቦታ ሁሉ ቅርጻቅርጽ ሞልተውባታል፣ የሀበሻ ቀሚስ ጥልፍ ከደረት እስከ ጫፍ ሲሄድ አይታችኋል፣ እንደሱ ነው። ሰዎች ባሮክ ይሉታል፣ ጌጥ የሚያበዛው የአውሮፓ አሰራር ማለት ነው፣ አንዳንዱ ኒዮ ባሮክ ይላል፣ በእኔ አስተያየት ከፓሪስም ከጣሊያንም ከራሳቸው ከኢስታንቡልም የለቀሙት ድብልቅ ነው። በኋላ በሪፐብሊኩ ጊዜ ብዙ የቱርክ ምሁራን ይሄን ዘመን አልወደዱትም፣ አውሮፓ ያበላሸው፣ ከሲናን ክብር የወረደ ውድቀት ነው ብለው ጻፉ። እኔ አልስማማም። ውጩ በዝቷል፣ እሱን አምናለሁ፣ ማዕዘኖቹ ላይ ያለው ጌጥ ግማሹ ቢነሳ ቤቱ ይተነፍስ ነበር። ውስጡን ግን፣ በ12 ሜትር ክፍል ያን ያህል ሰማይ ያስገባ ሌላ ቤት አላየሁም። ውስጡ ያለው ቀለም ወደ ሮዝ ያደላል፣ ሚህራቡ፣ የመካን አቅጣጫ የሚያሳየው የግድግዳ ጉድጓድ፣ እና ሚንበሩ፣ ኢማሙ የሚሰብክበት ከፍታ፣ እብነ በረድ ናቸው፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት የአረብኛ ጽሑፎች የተወሰኑት ደግሞ የአብዱልመጂድ የራሱ እጅ ናቸው። አዎ፣ ንጉሱ ራሱ። ከመምህር ተምሮ ፈቃድ ያገኘ ቁም ጸሐፊ ነበር፣ እኛ ቁም ጸሐፊ የምንለው ማለቴ ነው፣ ብዕር ቀርጾ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ፊደል መጥኖ የሚጽፍ። መንግስቱ ከሩሲያ ጋር ክሪሚያ ላይ ጦርነት ገጥሞ፣ በ1854 በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከውጭ ሀገር ብድር ወስዶ፣ ንጉሱ ፊደል ያሳምራል። አንዳንዱ ሰው በዚህ ይናደዳል። እኔ ምን እንደምል አላውቅም፣ ፊደሉ ግን ቆንጆ ነው።

ማን ሰራው? ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ስም ኒጎጋዮስ ባልያን ነው። አርመን ነው፣ የባልያን ቤተሰብ ልጅ፣ በ1826 የተወለደ፣ ፓሪስ የተማረ። አያቱ ክሪኮር ቶፕሃኔ ያለውን ኑስረቲዬ መስጊድ ሰራ፣ አባቱ ጋራቤት ዶልማባህቼን፣ እሱ ራሱ ደግሞ ኩቹክሱ የምትባለዋን ቆንጆ ትንሽ ቤተ መንግስት እስያ በኩል ሰራ፣ ከዛ በ1858 ሞተ፣ ገና በሰላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ። መስጊዱ ካለቀ ሁለት ዓመት ገደማ ነው። አሁን አሁን ክርክር አለ፣ አንዳንድ የቱርክ ታሪክ ጸሐፊዎች ባልያኖች ኮንትራክተር ነበሩ እንጂ ንድፉን የሚያወጣው የመንግስት የግንባታ ቢሮ ነው ይላሉ። ያኔ ቃሉ ካልፋ ነበር፣ ካልፋ ማለት ይነድፋል፣ ያሰራል፣ ሂሳብ ይይዛል፣ ሰራተኛ ይቀጥራል፣ ሁሉንም ነው። የዛሬን አርኪቴክትና ኮንትራክተር ከፍሎ ያንን ዘመን መዳኘት ለእኔ ብዙም አይገባኝም፣ ክርክሩ ውስጥም ከድንጋዩ ይልቅ የዛሬው ፖለቲካ ይሸተኛል።

ጥያቄ ላይ አንድ አባት ተነስተው «ልጄ፣ ክርስቲያን መስጊድ ሲሰራ ህዝቡ ዝም አለ?» ብለውኝ ነበር፣ መልሱን እዚህ ላስገባው። አባባ፣ አዲስ ነገር አልነበረም። ከዛ መቶ ዓመት በፊት በ1755 ያለቀውን ኑሩኦስማኒዬ መስጊድ የሰራው ስምዖን ካልፋ የሚባል ክርስቲያን ነው። ሙያው ነው የሚፈለገው። ደግሞ የአርመን እጅ ለእኛም ሩቅ አይደለም፣ በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ ልጆች፣ የናስ ሙዚቃ የሚነፉት፣ የኦቶማን አርመኖች ወላጅ አልባ ልጆች ነበሩ፣ ከ1915ቱ እልቂት የተረፉ። አብሯቸው የመጣው ኬቮርክ ናልባንዲያን የኢትዮጵያን የንጉሱን ዘመን መዝሙር ዜማ ደረሰ። ባልያኖች ለሱልጣኑ መስጊድ ያቆሙበት ሀገርና እነዚያ ልጆች የሸሹት ሀገር ያው አንድ ሀገር ነው፣ በመሀሉ ስልሳ ዓመት ብቻ ነው ያለው። አዳራሹ ጸጥ አለ እዚህ ጋ፣ እኔም ውሃ ጠጣሁ።

ስለ መሬቱ ላውራ አሁን፣ ምክንያቱም ይሄ ቤት ሁልጊዜ ከመሬቱ ጋር እየታገለ ነው የኖረው። ኦርታኮይ ውስጥ ደረቦዩ የሚባል ጎዳና አለ፣ «ወንዝ ዳር» ማለት ነው፣ ብትሄዱ ግን ወንዝ አታዩም፣ መኪና ነው የሞላው፣ ወንዙ ከስር ተሸፍኗል። በጥንት ጊዜ ከኮረብታው የሚወርደው ውሃ አፈሩን ይዞ መጥቶ እዚህ ነበር ወደ ባህር የሚገባው። ወንዝ ያመጣው አፈር ምን እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ፣ ለስላሳ ነው፣ ለጎመን ጥሩ ነው፣ ለድንጋይ ቤት ግን አይሆንም። እና እነሱ እዛ ላይ፣ ውሃው አፍ ላይ፣ ባለ ጉልላት ድንጋይ ቤት አስቀመጡ። ጭቃ ላይ አንፈራጦ የቆመው ሰውዬ ትዝ አላችሁ? ምሳሌ ብቻ አልነበረም።

በሐምሌ 1894 ኢስታንቡልን ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ መታት፣ ሚናራዎቹ ተጎዱ። የመጀመሪያዎቹ ሚናራዎች ከላይ እስከ ታች ሽንሽን ነበሩ፣ እንደ ጉራማይሌ ሸማ መስመር መስመር ያላቸው፣ ሲጠገኑ ግን ሽንሽኑ ቀርቶ ለስላሳ ሆነው ተሰሩ። ስለዚህ ዛሬ ፎቶ ላይ የምታዩት ሚናራ ባልያን ያቆመው ቅርጽ አይደለም፣ ያን ሁሉ ጥልፍ የለበሰ ቤት ላይ ልሙጥ ዱላ የመሰለ ነገር ለምን ተሰካ ብሎ ግራ የገባው ሰው ካለ መልሱ ይሄው ነው። በ1960ዎቹ ደግሞ መሬቱ እየተንሸራተተ ግድግዳው መሰንጠቅ ጀመረ፣ ቤቱ ሊወድቅ ነው ተባለ፣ መሠረቱን አጠናከሩት፣ ጉልላቱንም አደሱት። ያ አልበቃ ብሎ በ1984 እሳት ተነሳበት፣ እንደገና ተጠገነ። መጨረሻ ላይ ከ2011 ጀምሮ ሸፍነው ዘግተው ሦስት ዓመት ያህል ሰሩበትና በ2014 ተከፈተ፣ ነጭ ሆኖ፣ እንደ ታጠበ ጥርስ። ከዚያ በፊት ያዩት ሰዎች ግራጫ ነበር ይላሉ፣ የጀልባ ጭስና የመኪና ጭስ በልቶት።

ድልድዩስ? ድልድዩ በ1973 ነው የተከፈተው፣ በሁለቱ ምሰሶዎች መሀል ብቻ 1,074 ሜትር፣ አሁን ስሙ የሐምሌ 15 ሰማዕታት ድልድይ ነው። ከመስጊዱ ጋር ሲነጻጸር የትናንት ልጅ ነው። ግን ፎቶው ላይ ሁለቱ አንድ ላይ ስለሚወጡ ሰው አብረው የተወለዱ ይመስለዋል። ደግሞ ፎቶው ጥሩ ነው፣ አልክድም፣ ትንሹ ከትልቁ ጋር፣ ድንጋዩ ከብረቱ ጋር። የሚያናድደኝ ነገር ፎቶው ሰፈሩን ይደብቃል። አደባባዩ ላይ ቆማችሁ መስጊዱንና ድልድዩን ስታነሱ ጀርባችሁን የሰጣችሁት ለሃማሙ፣ ለምኩራቡ፣ ለግሪኮቹ ቤተክርስቲያን፣ ልብስ ለተሰጣባቸው ፎቆች ነው።

ከጥያቄዎቹ ሁለት ልጨምር። አንዷ ልጅ «ሙስሊም ያልሆነ መግባት ይችላል?» ብላ ነበር፣ ይችላል፣ በሶላት ሰዓት ዝም ብላችሁ አትግቡ እንጂ፣ ጁምዓ ቀትር ላይ ደግሞ ጭራሽ አትሞክሩት፣ ክፍሉ ትንሽ ስለሆነ ሰዉ እስከ ውጭ ነው የሚሰግደው። ሻርፕ ይዛችሁ ሂዱ። ነጠላ ደግሞ ካላችሁ ነጠላ፣ ወሬ ይከፍታል። ክፍያ የለም።

ሌላው ወንድሜ ደግሞ «ታዲያ ፎቶ ከየት እናንሳ?» አለኝ፣ እየቀለደ ነበር መሰለኝ፣ እኔ ግን ከልቤ ነው የመለስኩለት። ኤሚኖኑ ሂዱ፣ ወደ ላይ የሚሄደውን የቦስፎረስ ጀልባ ተሳፈሩ፣ በግራ በኩል ተቀመጡ፣ በቀኝ ከተቀመጣችሁ አለቀላችሁ። ሻይ እዘዙ። መጀመሪያ ዶልማባህቼ ይመጣል፣ ረጅም ነው ቶሎ አያልቅም፣ ቀጥሎ ሆቴል የሆነው ቺራን ቤተ መንግስት፣ ከዛ ስልካችሁን አዘጋጁ፣ ምክንያቱም ጀልባው አይቆምም፣ ድልድዩ ስር ከመግባቱ በፊት ያላችሁ ትንሽ ደቂቃ ነው። ድልድዩ ያኔ ከላያችሁ ሊደርስ ነው፣ ፎቶው ውስጥ የለም። መስጊዱ ፊት ለፊታችሁ ነው፣ በሙሉ መስኮቱ፣ ንጉሱ ከካይኩ ላይ ሆኖ ያየው እንደሆነ አድርጋችሁ ታዩታላችሁ። ከኋላው ደግሞ ኦርታኮይ ኮረብታውን ይዞ ይወጣል፣ ጣሪያ በጣሪያ ላይ።